ከመዘውሩ ሥር የመጣው ድምፅ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሁሉ «ስንት ብርሌ ጠጥተህ?» እያልኩ የማበሽቅ ነበርኩ፣ እመነኝ፣ ይህን ስነግርህ ራሴም አፍራለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ከሰበታ ወደ ተፍኪ ሲኬድ ወንዝ ዳር አንድ የውሃ ወፍጮ ነበር፣ ከተማው የሞተር ወፍጮ ሲገባለት እህል የሚያመጣ ጠፋ፣ ባለርስቱ ግን ማፍረሱ አልሆነላቸውም፣ አሮጌ ጋሻ፣ ሞፈርና ቀንበር፣ ገንቦ ሰብስበው ጎተራው ውስጥ ደረደሩና ቤተ መዘክር አሉት፣ ትልቁ የእንጨት መዘውርም እሁድ እሁድ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ እንግዳ ይዞር ጀመር። አዟሪዎቹ እኔና ጓደኛዬ ቶሎሳ ነን። እሱ ከመዘውሩ ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ዘንጉን ሞራ ይቀባል፣ እኔ ላይ ቦዩ አጠገብ ቆሜ ሳንቃውን አንስቼ ውሃ እለቃለሁ፣ መካከላችን ግንብ ስላለ አንተያይም፣ ስለዚህ ስሙን እጣራለሁ፣ እሱም ሲወጣ «ወጥቻለሁ፣ ልቀቀው!» ይላል፣ ያን ሳልሰማ ሳንቃውን አልነካም። ሰው ታች እያለ ውሃ ከተለቀቀ መዘውሩ ይፈጨዋል፣ ሌላ ነገር የለውም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወርዶ፣ እንግዶቹ ቆመው እየጠበቁ፣ ባለርስቱም እየተቆጡ፣ «ቶሎሳ!» አልኩ።

«ወጥቻለሁ፣ ልቀቀው!» አለኝ፣ የራሱ ድምፅ፣ ሳሉ እንኳ አልቀረችም።

ሳንቃውን ጨበጥኩ። ዓይኔ ግንቡ ላይ ሲያርፍ ግን ጋቢው እንደተሰቀለ ነው፣ ቶሎሳ ደግሞ ብርድ አይችልም፣ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያነሳው ጋቢውን ነው። ሮጬ ወደ ታች ሳይ እስከ ትከሻው መዘውሩ ውስጥ ገብቷል።

«ወጥቻለሁ አላልከኝም?»

«ማል ጄታ? ምን ትላለህ? አንተ አይደለህ እንዴ አሁን ‹አልለቅም፣ ክንድህን ጠለቅ አድርገህ አስገባ› ያልከኝ?»

በብብቱ ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። ከዚያ ወዲያ ድምፅ አናምንም ተባባልን፣ ታች የወረደው ወጥቶ፣ ግንቡን ዞሮ፣ የላይኛውን እጅ ካልጨበጠ ውሃ የለም። ባለርስቱ «ምን ያጨባብጣችኋል?» እያሉ ሳቁብን፣ ክረምቱም በሰላም አለፈ።

ከመስቀል በኋላ ቶሎሳን ወገቡን አመመውና እኔ ወረድኩ፣ እሱ ላይ ቆመ። ክንዴን አስገብቼ ሞራውን ስቀባ ቀዝቃዛ ውሃ እግሬን ነካኝ፣ መዘውሩም ሲጥ አለ። እንዴት እንደወጣሁ አልነግርህም፣ አላውቀውማ፣ የሸሚዜ እጅጌ እዚያው ቀርቷል። እየጮህኩ ግንቡን ስዞር ቶሎሳ ሳንቃውን ግማሽ ድረስ አንስቶታል፣ ሲያየኝ ለቀቀውና ቀኝ እጁን ሱሪው ላይ ይጠራርግ ጀመር።

«ያ ዋቃ!» አለ፣ «አሁን ጨብጠኸኝ አልሄድክም? እጅህ ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ ብዬህ ዝም አልከኝ እኮ።»

በማግስቱ ሁለታችንም ሥራውን ተውን፣ መዘውሩ ግን ሌላ ሰው ተቀጥሮለት ይዞራል አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ መጀመሪያ ፊቱን ደህና አድርጌ አያለሁ፣ ምን ይጠቅመኛል ግን፣ ቶሎሳም ያን ቀን «ፊትህን አይቼ ነው የጨበጥኩህ» ነው የሚለኝ።