ጽዱ የቆጠረው ክረምት

በእኛ ተራራ ላይ አንድ ትልቅ ጽድ ነበር። አንድ ቀን ነፋስ መጣና ጣለው። ዷ!

ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ። እኔም ወጤን ምድጃ ላይ ጥጄ ወጣሁ። እኔ ዘነቡ፣ የሚያመልጠኝ ነገር የለም።

የጽዱ ጎን ጥቁር ነበር፤ እሳት የበላው ጥቁር። ለካ ሐረግ ሸፍኖት ኖሯል።

«ማን አቃጠለው?» አሉ ሰዎቹ።

«አያ ጫኔ ናቸዋ» አልኩ እኔ። «እዚህ ማር ሲቆርጡ፣ ንቦቹን በጭስ ሲያባርሩ፣ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ።»

ጭሱን አይቻለሁ። እሳት ግን አላየሁም። እሱን አልተናገርኩም።

ሰዎቹ ተቆጡ። የአያ ጫኔን ቀፎዎች ከዛፍ ላይ አውርደው ደጃቸው ላይ ደረደሯቸው። «ከእንግዲህ ደኑ ውስጥ ቀፎ አይሰቅሉም» አሏቸው።

አያ ጫኔ «እኔ አይደለሁም» አሉ። 

የልጅ ልጃቸው የሻረግ ስድስት ዓመቷ ነው። ባዶውን ቀፎ እቅፍ አደረገችው። «ንቦቹ አሁን የት ያድራሉ?» አለች።

ሰዎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ።

በሳምንቱ ስለ ዛፍ የምታጠና ሴት መጣች። ስሟ ስንዱ ነው። መጋዝ ይዛለች።

ግርር! ግርር! ከግንዱ እንደ ሰፌድ ክብ አድርጋ ቆረጠች። ፍሽ! ፍሽ! በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰችው።

በቁራጩ ላይ ቀለበት ነበር። በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት፣ በዚያም ውስጥ ሌላ።

«አየሽ የሻረግ» አለች ስንዱ። «ይህ ዛፍ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ ይጠጣና አንድ ቀለበት ይጨምራል። ከቅርፊቱ ጀምረን እስከ ጥቁሩ ቁስል እንቁጠር።»

«አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት፣ ሦስት ክረምት...»

«ስድስት ክረምት። እዚህ እኔ ተወለድኩ» አለች የሻረግ።

አንድ ክረምት፣ ሌላ ክረምት፣ ደግሞ ሌላ ክረምት...

«ሰባ ሁለት ክረምት። እዚህ አባባ ጫኔ ተወለደ።»

ቁስሉ ግን ገና ነው። ሰው ሁሉ አብሮ ቆጠረ። እኔም ቆጠርኩ፤ ድምፄ ግን እያነሰ ሄደ።

«ዘጠና አንድ ክረምት።» የሻረግ ጣት ጥቁሩ ላይ ቆመ።

«እሳቱ ይኸው» አለች ስንዱ። «ያኔ ነው የነደደው።»

የሻረግ ዞር ብላ አየችኝ። «እትዬ ዘነቡ፣ ያኔ እኮ አባባ አልተወለደም።»

መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማኝ «አያ ጫኔ፣ ጭስ አይቼ እሳት ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

  አያ ጫኔ ወደ ደጃቸው ወስደው አንድ ቀፎ አንስተው ሰጡኝ።

«እንግዲያው ተሸከሚ» አሉ።

ቀፎ ከባድ ነው። ዳገቱም ረጅም ነው። ተሸከምኩ። ሰዎቹም ተሸከሙ።

አያ ጫኔ አንድ በአንድ ሰቀሏቸው። ከቀናት በኋላ ንቦቹ መጡ። ዝዝዝ! ዝዝዝ!

ያን ቀን ሲመሽ የሻረግ አያቷ ጭን ላይ ጋደም አለች። የግንባራቸውን መስመሮች በጣቷ ቆጠረች። «አንድ ክረምት... ሁለት ክረምት...»

ሦስት ሳትል እንቅልፍ ወሰዳት። አያ ጫኔም ጋቢያቸውን አለበሷት።

በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ይህንን እንኳ ደህና አድርጌ አይቼ ነው የምነግራችሁ።