በጀሪካን የመጣው ባሕር

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም፣ ከፈለጋችሁ የሥራ ባልደረቦቼን ጠይቁ፣ ሰው ስለ መንፈስ ምናምን ወሬ ሲጀምር «በማይክሮስኮፕ ካልታየ የለም» ብዬ የማስቆም ሰው ነኝ፣ ሥራዬም እሱው ነው፣ ሶዶ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ይሄ ግን የደረሰው በገዛ ቤቴ ነው፣ በቀን ብርሃን፣ ደግሞም ብቻዬን አልነበርኩም።

ነገሩ የመጣው በወንድሜ በሳሚ ነው። ሳሚ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ አንድ ጊዜ ሲመለስ ውሃ የተሞላ ወፍራም ላስቲክ ታቅፎ ከች አለ፣ ውስጡ መዳፍ የሚያካክሉ ሁለት ዓሦች አሉ፣ ቢጫ፣ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ፣ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መስመር የወረደባቸው። «ቢራቢሮ ዓሣ ይሏቸዋል፣ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚዋኙት» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ትልቅ ውሃ ሲባል የማውቀው ከሶዶ ቁልቁል የሚታየውን የአባያን ሐይቅ ነው። ያያቸው ሰው ሁሉ «ሳምንት አይቆዩም» አለኝ፣ የክሊኒካችን ሐኪም ሳይቀር፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ሲሉኝ እልህ ይይዘኛል።

መስታወት ቤት ሄጄ ገንዳ አሠራሁ። ሳሚ በየምልልሱ የባሕር ውሃ በጀሪካን ይጭንልኛል፣ እኔ ጨዉን በየቀኑ እለካለሁ፣ በምን ብትሉ ክሊኒክ ውስጥ የሽንት ክብደት በምንለካባት ተንሳፋፊ የብርጭቆ መለኪያ፣ አዲስ ናት፣ አትሳቁ። ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር፣ አየር የምትሰጣቸው ሞተር ስትቆም የብስክሌት ጎማ መንፊያ ላይ ቀጭን ቱቦ አስሬ በእጄ እነፋላቸዋለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል። እንዲህ አድርጌ አምስት ወር አቆየኋቸው፣ አምስት ወር!

ቀኑ ቅዳሜ ነው። መብራት የለም፣ ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ እኔ ገንዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ እነፋለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው፣ ሰው ጎረቤት ሆኖ እህል በወንፊት የሚነፋ ዓይነት፣ ሸሽ... ሸሽ... የሚል፣ መንፊያው ነው ብዬ እጄን አቆምኩ፣ ድምፁ ግን አላቆመም። ቀና ስል ውሃው መስታወቱ ላይ ለምልክት ከለጠፍኩት ፕላስተር ሁለት ጣት ወርዷል።

አፈሰሰ ብዬ ደንግጬ ተነሳሁ፣ ገንዳው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ዳሰስኩ፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ፣ አንዲት ጠብታ የለችም። መስታወቱ ላይ በማርከር አሰመርኩ፣ አጠገቡ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ መስመር፣ ከዚያ ሌላ፣ እመኑኝ፣ ውሃው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ረጋ ብሎ ነው የሚወርደው።

አከራዬን ጋሽ ዳልኬን ጠራኋቸው። ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያፈስ ነገር ሲፈልጉ የኖሩ ሰው። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በየማዕዘኑ አስኬዱ፣ ከዚያ ጣታቸውን ቀመሱት።

«ጨው የለውም። ደረቅ ነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ውሃው የት ይገባል?»

«እኔንጃ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይቺ ውሃ አታፈስም። ይቺ ውሃ እየሄደች ነው።»

አንድ ሙሉ ጀሪካን ቀርቶኝ ነበር፣ ጋሽ ዳልኬ አንስተው ገለበጡበት፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ዓይናችን እያየ እሱም ወረደ። ዓሦቹ ጎን ለጎን ሆነው ፊታቸውን ወደ አንድ ማዕዘን አዙረዋል፣ ውሃው እያጠረ ሲሄድ ሆዳቸው ከሥር ያነጠፍኩትን አሸዋ መንካት ጀመረ። ሳፋ አቅርቤ በእጄ ላወጣቸው ብል ሾልከው ተመልሰው እዚያው ማዕዘን ይቆማሉ፣ ደግሜ ብሞክርም እንደዚያው።

«ተይ፣ ልጄ፣ ይቅርብሽ» አሉኝ ጋሽ ዳልኬ።

«አይቀርም! አምስት ወር በእጄ ነፍቼ ዛሬ ቆሜ ሲሞቱ አላይም!»

ጮኼባቸዋለሁ መሰለኝ። ቱቦውን የዓሦቹ አፍ ሥር ይዤ መንፋቴን ቀጠልኩ፣ ዓሦቹ ወደ ጎናቸው ተጋድመው በቀረችው ውሃ ይተነፍሳሉ፣ ክንዴ አልታዘዝ ሲለኝ ጋሽ ዳልኬ መንፊያውን ተቀበሉኝ፣ እንዲሁ እየተፈራረቅን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ያኔ የወንፊቱ ድምፅ ቀጥ አለ። ክፍሉን አንድ ሽታ ሞላው፣ የጨውና የእርጥብ ገመድ የሚመስል፣ ከዚያ ውሃው መጣ። ማንም አልቀዳም፣ ከላይ አልወረደም፣ ከሥር ሲፈልቅም አላየሁም፣ ዝም ብሎ በዛ፣ የጻፍኳቸውን ሰዓቶች ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ እየሸፈነ ፕላስተሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የጨመርነው ጀሪካን ሙሉ ውሃ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ታ ጎዳው!» አሉ ጋሽ ዳልኬ በወላይትኛ፣ ጌታዬ ማለታቸው ነው፣ ጣታቸውን ወደ ገንዳው ቀስረዋል። ቆጠርኩ። እኔ እኮ ደም ውስጥ ያለ ሴል ስቆጥር የምውል ሰው ነኝ፣ ግን ሦስቴ ቆጠርኩ። ዓሦቹ ሦስት ናቸው።

መሸት ሲል ጅቡቲ ወደብ ላይ ለነበረው ለሳሚ ደወልኩለት፣ ሦስተኛውን አላነሳሁበትም፣ «ዛሬ ባሕሩ ምን ሆኖ ነበር?» ብቻ አልኩት። ሳቀብኝ።

«ምን ይሆናል? ውሃው ከዳርቻው ሸሸ፣ ከሰዓት ተመለሰ። በየቀኑ እንዲሁ ነው፣ አታውቂም እንዴ?»

አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ዳልኬ በር ላይ ቆመው፣ ወደ ውስጥ ሳይገቡ፣ «ያን ሦስተኛውን አውጪው፣ ያንቺ አይደለም» አሉኝ። አላወጣውም አልኳቸው፣ ቤቴ ከገባ በኋላ ውሃውን የምቀይርለት፣ ጨዉን የምለካለት እኔ ነኝ አልኩ፣ እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሌን ረግጠው አያውቁም፣ የቤት ኪራይ እንኳ የሚቀበሉኝ ግቢ ውስጥ ቆመው ነው።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ ውሃውም ከፕላስተሩ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ምግብ ስጥል ሁለቱ ተሽቀዳድመው ይመጣሉ፣ ሦስተኛው ከቦታው አይነሳም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ተደብቄ ጠብቄዋለሁ፣ ሙሉ ቀን ፈቃድ ወስጄ አጠገቡ ውዬ አውቃለሁ፣ አንድም ጊዜ ሲበላ አላየሁትም። ይከሳል ብዬ ስጠብቅ ባለፈው እሑድ መስታወቱ ላይ ማስመሪያ አስጠግቼ እንደገና ለካሁት፣ አድጓል።