ግድግዳው ላይ የቀረችው ነጥብ

የልጅ ልጄን ሕይወት ያጣመመው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ይኸው ተናገርኩት። ሰዉ «እማማ ወሬ ትወዳለች» ይለኛል። ውሸት ነው፤ ወሬው ነው እኔን የሚወደኝ። ቁጭ ባልኩበት እየመጣ ጭኔ ላይ ሲቀመጥ ታዲያ ምን ላድርገው?

ልጅቷ የጆሜትሪ አስተማሪ ናት። ጆሜትሪ ማለት እንግዲህ መስመር፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን ምናምን ነው። እኔ ፊደሉን ግማሽ ላይ ትቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ብዙ አትጠይቁኝ። ተማሪዎቿ «ቀጥ በሉ» ብለው ነው ስም ያወጡላት። ሲቀመጡ ቀጥ በሉ፣ ሲያሰምሩ ቀጥ በሉ፣ ልክ ማስመሪያ እንደዋጠ ሰው። ምሳዋን እየረሳች ስለምትሄድ የማደርስላት እኔ ነበርኩ። የዘበኛው አግዳሚ ደግሞ ከክፍሏ በር ፊት ለፊት ነው። ጉልበቴ ያመኛል፤ ጆሮዬ ግን ተመስገን ነው።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ፈረቃ ነው። ጠዋት እሷ ታስተምራለች፣ ከሰዓት በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳ ሌላ አስተማሪ ይገባል። ደንቡ የሚወጣው ሰው ሰሌዳውን አጥፍቶ እንዲወጣ ነው። የከሰዓቱ ሰውዬ ግን አያጠፋም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከኪሱ ክር የማይጠፋ ልጅ ነው፤ ተማሪዎቹም «ክሩ» ነው የሚሉት። ክብ ሲያስተምር ሰሌዳውን ትቶ ልጆቹን ግቢ ያወጣቸዋል፤ አንዷን መሀል አቁሞ፣ ክር አስይዞ፣ ሌላዋን ዙሪያዋን ያስሮጣታል። ይስቃሉ፣ ይወድቃሉ፣ አቧራው ላይ ክቡ ተሠርቶ ይገኛል።

አንድ ቀን የኔዋ በር ላይ ጠበቀችው።

«ይቅርታ መምህር፣ ሰሌዳው የእርስዎ ብቻ ነው እንዴ?»

«አይ፣ የጋራችን ነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የማያጠፉት?»

«ሥዕሉ ስላላለቀ ነው። ልጆቹ እያሰቡበት ይደሩ ብዬ…»

«እነሱ እያሰቡ ይደሩ፣ እኔ እያጠፋሁ ልኑር!»

«ካስቸገረዎት አያጥፉት» አላት፣ ቀስ ብሎ። «ይጨርሱት።»

«እሺ» አለችው። ያቺ ልጅ፣ በአራስነቷም መልስ የማታጣዋ ልጅ፣ «እሺ» ብላ ሄደች! ዘበኛውን አየሁት፣ እሱም አየኝ። አለቀላት፣ ተባባልን በዓይናችን።

በማግስቱ ሥዕሉን አላጠፋችውም፣ ጨረሰችው። እሱ ደግሞ ከሰዓት ሌላ ጀመረ። እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። የሰው ልጅ በስልክ ሲጻጻፍ እነሱ በሦስት ማዕዘን ይሽኮረመማሉ!

ከዕለታት በአንዱ በር ላይ ወረቀት ሰጣት።

«ሦስት ማዕዘን ቁረጪ።»

አስተዋላችሁ? «ቁረጪ» ነው ያላት። እርስዎ መባባሉ መቼ እንደቀረ ለኔም አምልጦኛል፤ ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ሳልቀር አልቀርም።

«ቆረጥኩ።»

«አሁን ሦስቱንም ጫፎች ቅደጂያቸው።»

«ልቅደደው? እንደዚህ አስተካክዬ ቆርጬ?»

«ቅደጂው። ከዛ ጫፍ ለጫፍ ግጠሚያቸው።»

ገጠመቻቸው። ሦስቱ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ቁጭ!

«ይሄንን እኮ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ» አለችው።

«አስተምረሽዋል። ቀደሽው ግን ታውቂያለሽ?»

«አይ» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ጣቶቿ ወረቀቱ ላይ ነበሩ፣ የሱም ጣቶች እዚያው ነበሩ፤ ማንኛቸውም አላነሱም። ዘበኛው ሊያስል ሲል በክርኔ ጎሸምኩት።

ችግሩ ልጄ ነው፣ አባቷ። ጉዳዩ ጆሮው ሲገባ ቤቱን አናወጠው።

«አንድ አስተማሪ ቤቴ ውስጥ አለች፣ ይበቃኛል! ጠመኔና ጠመኔ ተጋብቶ ምን ሊወልድ ነው? አቧራ?»

«እኔስ አንተን ወልጄ ምን አተረፍኩ?» አልኩት።

«እማዬ፣ አንቺ አትግቢበት።»

እሱ ያሰበላት ባለ ብሎኬቱን ነበር፤ ብሎኬት አምርቶ የሚሸጥ ሰው ነው። እንዳልዋሽ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ራሱ ብሎኬት ነው፤ በየትኛውም ጎኑ ብታዩት ያው ነው።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ለክሩ ዝውውር መጣለት። አገሩ ሩቅ ነው። እሄዳለሁ ወይ አልሄድም ብሎ ዓርብ መልስ መስጠት አለበት። የመጨረሻዋ ፈተና ቀን በሩ ላይ አገኛት።

«በአፌ አልጠይቅሽም» አላት።

«ለምን?»

«ፊቴን አይተሽ ታዝኚልኛለሽ። በሐዘን እንድታገቢኝ አልፈልግም።» እያለ ክሩን በጣቱ ይጠመጥማል። «ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አስምሬ ትቻለሁ። ልጆቹ ትይዩ ናቸው፣ አይገናኙም ብለውኛል። አንቺም አይገናኙም ካልሽ ተያቸው። ይገናኛሉ ካልሽ ግን ቀጥይያቸውና ነጥብ አድርጊበት። ዓርብ መጥቼ አያለሁ። ነጥብ ካለች ዝውውሩን እተወዋለሁ። ከሌለች እሄዳለሁ፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

«አባቴስ?»

«እሱን ሁለት ሆነን እንለምነዋለን። ብቻዬን ግን ምን ብዬ በሩን ላንኳኳ?»

እኔ ብሆን እዚያው አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ነበር። የተማረ ሰው ግን «አዎ» ለማለትም ማስመሪያ ያስፈልገዋል።

ረቡዕ መጣችብኝ።

«እማማ፣ ተነሽ። ክር ትይዥልኛለሽ።»

ግቢው ጭር ብሏል። ክፍሉ ውስጥ ሰሌዳው ላይ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ለኔ ዓይንማ እንደ ባቡር ሐዲድ ናቸው። ሰውዬው የኪሱን ክር ጠረጴዛው ላይ ትቶላታል። ጠመኔ ቀባችው፣ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን እሷ ወጥራ መሀሉን ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ጧ! ነጭ መስመር። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ፣ ተሳደብኩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። መስመሮቹ ሄደው ሄደው የሰሌዳው ጠርዝ ደረሱ። አልተገናኙም።

«በቃ፣ እምቢ አሉ ማለት ነው?» አልኳት።

«ያለቀው ሰሌዳው ነው እማማ። መስመሩ አላለቀም።»

ዴስክ ገፍታ አመጣች፣ ወጣችበት፣ ግድግዳው ላይ ቀጠለች። እኔም ጉልበቴን እየረገምኩ ክር ይዤ ተከተልኳት። እዚያ መስኮቱ አጠገብ ስንደርስ ሁለቱ መስመሮች ቀስ ብለው አፍ ለአፍ ገጠሙ። ቀይ ጠመኔ አንስታ ነጥብ አደረገችበት። የምስር ፍሬ ታክላለች፣ በቃ።

«የመንግሥት ግድግዳ ላይ ጽፈሽ፣ ዳይሬክተሩ ሊያባርርሽ አይደል!»

«ያባርረኝ!» ብላ ሳቀች። ዴስኩ ላይ ቆማ፣ ፀጉሯ በጠመኔ ነጭ ሆኖ፣ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም አላየኋት፣ ከዚያም በኋላ።

ሐሙስ ቀለም ቀቢዎች መጡ። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ክፍሎቹ ኖራ ይቀባሉ፤ ማንም ለክፋት ያደረገው ነገር አይደለም። ግድግዳውን ነጭ አደረጉት። ሰሌዳውን አልነኩትም፣ ጥቁር ነዋ።

ይሄንን እኛ ቤት ሆነን አላወቅንም። ዓርብ ቀሚሷን ተኩሳ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ፣ በሩን እያየች ዋለች። ሲመሽ የተንኳኳውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዘበኛው ነበር።

«ክሩ ሻንጣውን ይዞ ሄደ» አለ፣ ቆቡን አውልቆ። «መልሷን አይቻለሁ፣ አመሰግናለሁ በልልኝ ብሏል።»

«አይቶት ነው የሄደው?» አለች ከኋላዬ።

«አዎ የኔ ልጅ፣ ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆሞ ነበር።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ቀሚሷን አውልቃ፣ አጥፋ፣ አስቀመጠችው።

«ደውይለት!» አልኳት። በነጋ በጠባ ደውይለት አልኳት።

«ነጥቧን አይቶ ለሄደ ሰው ምን ብዬ ልደውል እማማ? ለምን አየህ ልበለው?»

በዚያው ክረምት አባቷ ባለ ብሎኬቱን አመጣ። እሷም እሺ አለች። እምቢ ለማለት እኮ የሚጠብቁት ሰው ያስፈልጋል። ሠርጉ አማረ ተባለ። እኔ አልጨፈርኩም፤ በጉልበቴ አሳብቤ።

ትምህርት ሲከፈት እንደ ልማዴ ምሳዋን ይዤ ሄድኩ። ተማሪዎቹ ገና አልገቡም። መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ በመዳፏ ግድግዳውን ትዳብሳለች።

«እማማ፣ ነጥቧ የለችም።»

ሰሌዳውን ዞሬ አየሁት። የዘረጋናቸው መስመሮች ደብዝዘው አሉ፤ ጠርዙ ድረስ ሄደው ቁርጥ። ከዚያ ወዲያ ነጭ ኖራ። ያኔ ነው የገባኝ። እሱ ያየው ይሄንን ነው፤ እስከ ጠርዙ መጥታ፣ ነጥቧን ግን የከለከለችውን ሴት። መስመሮቹን ሲያሰምር የት እንደሚገጥሙ አልለካም፤ ሰሌዳው የሚበቃቸው መስሎት ነበር።

ዘበኛውን ጠራችው።

«መቼ ነው የቀቡት?»

«ያኔ ነዋ፣ እሱ የሄደ ዋዜማ። ሐሙስ።»

«ሐሙስ» አለች። የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀመጠች፣ ጎብጣ። ጎብጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ጣቷ ላይ ቀለበቱ ያበራል።

እኔ ዓይን አውጣ ነኝ፤ «አሁንም ቢሆን ደውይለት» አልኳት።

«ደውዬስ? ተሳስተሃል ብዬ አርሜ ልመልስለት?» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «ቀደሽው ታውቂያለሽ ወይ ያለኝ እሱ ነበር… አንድ እርምጃ ወደ መስኮቱ ቢሄድ ምን ነበረበት?»

እሱም እዚያው በሄደበት አገባ አሉ። ያገባትን አላውቃትም፣ ጥሩ ሴት ናት አሉ። ትሁን።

የኔዋ አሁንም እዚያው ክፍል ታስተምራለች። «ቀጥ በሉ» ማለት ትታለች፤ ተማሪዎቹም ስሙን ረስተውታል። ባሏ አይመታት፣ አይሰድባት። ሲገባ «ዋልሽ?» ይላታል፣ «ዋልኩ» ትለዋለች፣ ይነጋል።

ባለፈው ሰሞን ከባለ ብሎኬቱ የወለደችውን ልጅ ከትምህርት ቤቱ ልወስድ ሄጄ ክፍሏ ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ቁምሳጥን አቁማለች። ከጀርባው መጥረጊያ ላውጣ ብዬ ትንሽ ገፋ ሳደርገው ኖራው ተልጧል፤ ከሥሩ ቀይ ነገር አለ። የምስር ፍሬ የምታክል። እውነት መሆኗን ላይ ብዬ ጣቴን በምራቄ አርጥቤ ዘረጋሁ።

እጄን ከአየር ላይ ያዘችው።

«አታጥፊያት።»

እጄን እስክትለቀው ብዙ ቆየች። ከዚያ ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው ገፋችው፣ ዳስተሯን አነሳች፣ ለከሰዓቱ አስተማሪ ሰሌዳውን ጥርግ አድርጋ አጠፋችለት።