የሌሊቱ ዘብ

በዝምራት ምድር ነጭ ንሥር ጣሪያው ላይ ያረፈበት ቤት ልጅ ይወልዳል ይባል ነበር። ወጉ ግን ጥብቅ ነው፤ ሕፃኑ ንጹሕ ቤት ይሻልና በቤቱ ያለ መድኃኒት ሁሉ በዚያው ዕለት ወንዝ ይጣላል። ንሥሩ በናርዳ ጣሪያ ላይ አረፈ። ጦርነት ያላስደነገጣት የንጉሡ የሌሊት ዘቦች አለቃ ናርዳ፣ ዘጠኝ ዓመት የጠጣችውን መራራ ሥር ለማንም ሳትናገር ወንዝ ጣለችው። ምን ታድርግ! ልጅ አማራት።

በአገሩ «ነፋስ» የሚባለውን የአእምሮ ሕመሟን ያሰረላት ግን ያ ሥር ነበር። ነፋሱ ድሮ ሲነሣባት አምስት ቀን እንቅልፍ ነሥቷት፣ ከግድግዳ ጋር አነጋግሯት፣ በኋላም ሁለት ወር አልጋ ላይ ጥሏት ነበር። አሁንም በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፏ ሸሸ። ባሏ ተማር ሌሊቱን ሙሉ ስትንጎራደድ አይቶ፣ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል?» አላት። ነገረችው። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ መድኃኒት አዋቂዋ ወደ እማማ ሱላፌ ተራራ ወጡ።

መንገዱን የሚጠብቀው ጉርዝ ነው፤ የሰውን ፍርሃት በሰውዬው በራሱ ድምፅ የሚናገር የጉም አውሬ። «ልጅሽን ትረሺዋለሽ! ነፋሱንም ታወርሺዋለሽ!» አላት በገዛ ድምጿ። ጦሯን ወረወረች፤ ጉም አይወጋ ነገር! ከመንገዱ መሐል ተገትራ ቀረች። ተማር ጦሩን አንሥቶ፣ እጇን ጨብጦ፣ «አለሁልሽ፤ ተራመጂ» እያለ አሻገራት።

እማማ ሱላፌ ሰምታ ተቆጣች። «ማን ጣይ አለሽ? ያ ሥር ለፅንስ ባይስማማ የሚስማማ ሌላ አለ። እኔ እያየሁሽ ቀስ በቀስ ይለወጣል እንጂ! እናት ስትታመምም እኮ ፅንሱ ይጎዳል። ከመፀነስሽ በፊት አዲሱን ሥር እየጠጣሽ ዓመት ሙሉ በጤና ቆዪ።»

«ልጄ ይወርሰው ይሆን?»

«ሊወርሰው ይችላል፤ ላይወርሰውም ይችላል። አልዋሽሽም ልጄ። ከመጣበት ግን ምልክቱን የምታውቅ እናት አለችው። እንቅልፍሽን ጠብቂ፤ የሌሊት ዘብነት ከዛሬ ጀምሮ በቃሽ።»

ናርዳ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሹመቷን በላብዋ ነው ያገኘችው። ተማር ግን ጦሯን ከፍ አድርጎ ማለ፦ «በዚህ ጦር እምላለሁ! ሕፃኑ ሲመጣ የሌሊቱ ዘብ እኔ ነኝ።»

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ሌሊት፣ ናርዳ ድንገት ባነነች። ነፋሱ የመጣ መስሏት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አዳመጠች። አራስ ልጇ ናት የምታለቅሰው።

ተማር ሕፃኗን አቅፎ ቆሟል። «ተረኛው እኔ ነኝ፤ ተኚ» አላት።

ተኛች።