የሴት በያጆቹ አሥር ደቂቃ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ካበቃ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ ከሎንዶን በስተምዕራብ በሚገኘው በሃርልስፎርድ ስቱዲዮ ጣራ ላይ የመጋቢት ውርጭ ተጋግሮ ነበር። ኤድና ትሬሎር በአሥራ ስድስት ዓመቷ ቁርጥራጭ ፊልም በሙጫ ልታጣብቅ ወደዚህ ቤት ገባች፤ ወንዶቹ ሲዘምቱ ግን የፊልም አቀናባሪነቱ ወንበር ለእርሷ ተረፈ፤ ስድስት ዓመትም ተቀመጠችበት። አሁን በእጇ ያለው ፊልም በታይን ወንዝ ዳር ስላለ የመርከብ መሥሪያ የሚተርክ ሲሆን፣ ከውስጡ አሥሩ ደቂቃ በጦርነቱ ጊዜ የመርከብ ብረት የበየዱ የሴት በያጆች ትዕይንት ነበር።

የስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ ሻለቃ ሃቨርሻም ባርኔጣውን ሳያወልቅ ወደ ማቀናበሪያው ክፍል ገባ።

«ሚስ ትሬሎር፣ እነዚያ ሴቶች ከፊልሙ ይውጡልኝ። ወንዶቹ ተመልሰዋል፤ አገሩ ማየት የሚሻው እነርሱን ነው። እርስዎም ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሙጫዎ ይመለሳሉ፤ ወንበሩ ከዘመቻ የተመለሰው የቀድሞው አቀናባሪ የሻምበል ኖክስ ነው።»

«ወንበሩን ይስጧቸው» አለች ኤድና ዓይኗን ሳትሰብር። «ሴቶቹን ግን አላወጣም። ቦምብ እየዘነበባቸው የበየዱ ናቸው።»

«ነገ ፊልሙ ወደ ማባዣ ቤት ይሄዳል! ትእዛዝ ነው!»

«እንግዲያስ መቀሱ ይኸው፤ እርስዎ ይቁረጡት።»

ሻለቃው በእልህ መቀሱን ተቀበለ፤ እንደ ልብስ ከተሰጣው ፊልም አንዱን መዘዘና ወደ መብራቱ አነሣው።

«ጌታዬ፣ ገልብጠውታል» አለች የአጣባቂዎቹ አለቃ ማቪስ ኦትዌይ፤ «መርከቡ እኮ በሰማይ እየቀዘፈ ነው!»

በክፍሉ የነበሩት አጣባቂ ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ሻለቃው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሻምበል ኖክስን አስጠራ።

ሻምበሉ እያነከሰ ሲገባ ኤድና ከወንበሯ ተነሣችለት፤ ሙያውን ያስተማራት እርሱ ነበርና፤ እርሱ ከቆረጠ ነገሩ ያበቃለታል። ተቀምጦ አሥሩን ደቂቃ እስከ መጨረሻው አየ።

«እህቴ ማርጀሪ ሦስት ዓመት በያጅ ነበረች» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን ቆርጬ ለፋሲካ በምን ዓይኔ ከማዕዷ እቀርባለሁ? አላደርገውም፣ ሻለቃ። ደግሞስ እኔ ከዚህ የተሻለ አላቀናብርም።»

የሚቆርጥ ሌላ እጅ አልነበረም፤ ፊልሙ እንዳለ ሄደ። ሻምበሉ የኤድና ስም በፊልሙ ላይ በአቀናባሪነት እንዲጻፍ ቢለምንም አስተዳደሩ እንቢ አለ፤ በመጋረጃው ላይ የወጣው የእርሱ ስም ነው። ኤድናም ዓርብ ዕለት ተባረረች።

«ምነው ዝም ባልሽ ኖሮ፣ እህቴ» አለቻት ማቪስ በር ላይ እንባዋን እየጠረገች።

«ዝምታንማ አሥር ዓመት ከሙጫው ጋር አሽትቼዋለሁ፤ ይበቃኛል።»

ከአርባ ዓመት በኋላ የሙያው ማኅበር ሰዎች የአሮጌ ሠራተኞችን ትዝታ በቴፕ ሊቀርጹ ቤቷ መጡ፤ ከስቱዲዮው መዝገብ ያገኙትንም አነበቡላት፦ «ሚስ ትሬሎር በገዛ ፈቃዷ ሥራዋን ለቀቀች።»

አሮጊቷ ከወንበሯ ቀና ብላ ማስታወሻ ወደሚይዘው ወጣት ዞረች።

«ሰርዘው፣ ልጄ። ‹እንቢ ብላ ተባረረች› ብለህ ጻፍ።»

ታሪክ ለባለ ማዕረጎቹ ብዙ ገጽ ሰጥቷል፤ ለኤድና ትሬሎር የደረሳት ይህች አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ እርሷንም ራሷ አርማ ያስጻፈቻት ናት።