ወደ ኋላ የሚዞረው ቆጣሪ

ይህ የደረሰብኝ በጠራራ ብርሃን ነው። ያላመነ ሰው አቃቂ በሰቃ መጥቶ ቆጣሪዬን ማየት ይችላል።

እኔም እስኪደርስብኝ ድረስ የማላምን ሰው ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም።

ሀንጋሪ ተምሬ ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልቆይ ወይስ ልሂድ እያልኩ ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ አልፈታሁም። አባቴ በተወልኝ ቤት ጣሪያ ላይ ግን ሶላር አስተክያለሁ። መብራት ሲጠፋ የሶላሩን ገመድ ግድግዳው ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ፤ ቤቱ በሙሉ ይበራል።

አንድ ነገር ብቻ መርሳት የለብኝም። መጀመሪያ ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር ማውረድ።

ካልወረደ የእኔ ኃይል ወደ ውጭው ሽቦ ይወጣል... ሽቦው ላይ የሚሠራ ሰው ካለ ይገድለዋል።

ያን ቀን ሽቦው ላይ ሰው ነበር።

ጎረቤቴ ጋሽ ፀሐዩ። ጡረታ የወጡ የመብራት ኃይል የመስመር ሠራተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ዛሬም የሚጠራው እሳቸውን ነው። ከበሬ ፊት ያለው ምሰሶ ላይ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ መሰለች ከታች መሰላሉን ይዘዋል።

"እየሩስ፣ አወረድሽው?"

"አውርጄዋለሁ፣ እትዬ።"

"ፈረንጅ አገር ይህን አያስተምሩ ይሆናል ብዬ ነው" አሉ እየሳቁ።

ጋሽ ፀሐዩ እጃቸውን ወደ ሽቦው ሲዘረጉ...

ከአጠገባችን ካሉት ግቢዎች ጩኸት ተነሣ።

"መጣ!"

ሰፈራችን እንዲህ ነው። አምፖል ብልጭ ሲል ሁሉም በደስታ ይጮኻል።

የእትዬ መሰለች ሳቅ ቀጥ አለ።

"ፀሐዩ... እንዳትነካው" አሉ በሹክሹክታ።

ሮጬ ገባሁ። ብሬከሩ ወደ ላይ ነው።

ያወረድኩት ራሴ ነኝ። አቧራው ገና ጣቴ ላይ ነበር።

መልሼ አወረድኩት። የሶላሩንም ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩ። ብሬከሩ እንዳይንቀሳቀስ በጥቁር ናስትሮ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩትና ወጣሁ።

"አሁን ጠፍቷል፣ ጋሽ ፀሐዩ።"

"አልጠፋም።"

ድምፃቸው ቀጥኗል። እጃቸው ላይ ያለው፣ ሽቦ ኃይል እንዳለው የሚያሳየው የመፈተሻው ትንሽ መብራት እንደበራ ነው።

"የኔ ልጅ... ቤት ውስጥ ማንን ትተሽ ነው የወጣሽው?"

"ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።"

ከምሰሶው ላይ ሆነው በረንዳዬ እስከ ቆጣሪው ድረስ ይታያቸዋል።

"ስትገቢም እዚያው ቆሞ ነበር" አሉ። "በአጠገቡ አለፍሽ።"

እትዬ መሰለች መሰላሉን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"ውረድ በቃ... ውረድልኝ።"

ጋሽ ፀሐዩ ዓይናቸውን ከበረንዳዬ ሳይነቅሉ፣ እጀታው ላስቲክ በሆነ መቁረጫ ወደ ቤቴ የሚገባውን ሽቦ ቆረጡት። ሽቦው ግቢዬ ውስጥ ወደቀ።

ከየግቢው "ኤጭ፣ ሄደ" የሚል ቅሬታ ተሰማ።

ወረዱ። የሚስታቸውን እጅ ይዘው ሄዱ። እስከ ዛሬ በበሬ አያልፉም።

ቆጣሪው ጋ ተመለስኩ።

ናስትሮው አልተቀደደም። አልተፈታም። ልክ እኔ እንደጠቀለልኩት ነው...

ብሬከሩ ግን ወደ ላይ ነው።

ሶላሩን ከጣሪያ አስወርጃለሁ። ሽቦው ዛሬም ሣሩ ውስጥ ተኝቷል። ቤቴን ከማንም ጋር የሚያገናኝ ነገር የለም።

የቆጣሪው ክብ ብረት ግን ይዞራል።

ኃይል ከቤት ወደ ውጭ ሲወጣ እንደሚዞረው...

ቀስ እያለ፣ ወደ ኋላ።