ከአንሶላዎቹ መሃል

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። አዋሽ እያለን ልጆች ስለ ጅኒ ማውራት ሲጀምሩ ተነስቼ የምሄደው እኔ ነበርኩ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጅቡቲ ከመጣሁ በኋላም የከባድ መኪና ሾፌሮቹ በረሃ ላይ ስላዩት መብራት ሲያወሩ፣ የሌላ መኪና መብራት ነው እላቸዋለሁ። አሁንም አላምንም። የሆነውን ብቻ ነው የምነግርህ፣ አንተ እንደፈለግህ አድርገው።

ከታላቅ እህቴ ከሰናይት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘነው ዓርብ ቀን ነው። ዓርብ እረፍቷ ነበር። ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር፣ ፈረንጆች ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበረች፣ እኔ ደግሞ ዶራሌ ወደብ ለአንድ ትራንዚት ቤት ኮንቴይነር እቆጣጠራለሁ፣ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጥላ ሥር እንገናኛለን። ያን ቀን ግን ብቻዋን አልመጣችም። የአሠሪዋን የማዳምን ልጅ፣ ሬሚን፣ ይዛ መጣች።

“ማዳም ሥራ በዝቶባታል” አለችኝ። “የገበያ ሞሉ ውስጥ የጥበብ በዓል ሊከፍቱ ነው። እሷ አንሶላ ነው የምትሰቅለው።”

“አንሶላ መስቀል ጥበብ ነው እንዴ?”

“ታዲያስ! እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ማንም አላጨበጨበልኝም እንጂ” ብላ ሳቀች።

ልጁ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም፣ አማርኛው ግን የእኛ ሰፈር አማርኛ ነው። ከሰናይት ስለተማረ፣ እሱ ደግሞ እሷን አንቺ ሲል ስለኖረ፣ ሰውን ሁሉ አንቺ ነው የሚለው። “ቁንዶ፣ አንቺ ፈልጊ፣ እኛ እንደበቃለን!” አለኝ። እመነኝ፣ አንቺ ማለቱ አልነበረም የቆረቆረኝ። ቁንዶ የሚለኝ እሷ ብቻ ነበረች። ትንሽ ሆኜ ቶሎ ስለምቆጣ በቁንዶ በርበሬ ያወጣችልኝ ስም ነው፣ እናታችን እንኳ አትጠራኝም በሱ።

አልፈልግም አልኩ። እነሱ ሁለቱ ተጫወቱ። ድብብቆሹን አስተምራዋለች፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ “ኩኩሉ!” ይላል፣ እሷ ከአሮጌው ፉርጎ ኋላ ሆና “አልነጋም!” ትለዋለች፣ እንደገና “ኩኩሉ!”፣ እንደገና “አልነጋም!”፣ በደንብ ከተደበቀች በኋላ “ነጋ!”። እኛም ልክ እንዲህ ነበር የምንጫወተው። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የሱን ጀርባ አየዋለሁ።

“ቁንዶዬ፣ ጢም አብቅለህ በሕፃን ትቀናለህ?” አለችኝ ስንለያይ።

“ማን ይቀናል?” አልኩ። በዚሁ ተለያየን።

በማግስቱ ጋላፊ ድንበር ላይ የተያዘ ጭነት ነበርና ላኩኝ። እዚያ ሳለሁ ሰናይትን ትኩሳት ያዛት፣ ከዚያ በኋላ አልቆየችም። በጅቡቲ ሙቀት አስከሬን አይቆይም፣ ቀበሯት። ስመለስ ማንም አልነገረኝም። ሾፌሮቹ ምሳ ይጋብዙኛል፣ ካርታ ሲጫወቱ ሆን ብለው ይሸነፉልኛል፣ እኔ ደግሞ እድሌ ተከፈተ ብዬ እስቃለሁ። መርዶ በንጋት ነው የሚነገረውና ንጋት ሲሆን ተሰብስበው መጥተው ነገሩኝ። ካለቀስኩ በኋላ ነው የገባኝ፣ ሬሚ ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር። ሲይዛት አጠገቧ ነበር። ቀብሯ ላይም ነበር። እኔ ስስቅ እሱ ያለቅስ ነበር።

እናቴ ገና አልተረዳችም። አጎቴ ከአዋሽ ደውሎ፣ “ልብሷን ይዘህ ና፣ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ በምን ይለቀሳል? ልብሷ ይውጣና እናትህ እሱን ይዛ ታልቅስ” አለኝ። ማዳም ቤት ሄድኩ። ሻንጣዋን ሰጠችኝ፣ ግን አረንጓዴው ቀሚስ የለም፣ ነጫጭ አበባ ያለበት፣ እጅጌው በቀይ ክር የተጠለፈ፣ እናቴ ራሷ ሰፍታ የላከችላት። የትኛውም ልብስ እሱን አይተካም። ማዳም ፊቷ ቀላ፣ “ለእሷ ማስታወሻ ብዬ በዓሉ ላይ ሰቀልኩት” አለችኝ።

እንግዲህ አስበው። የእህቴ ቀሚስ ሞል ውስጥ ተሰቅሎ ሰው ይዝናናበታል።

የሄድኩት ከቀትር በኋላ ነው። ያን ሰዓት ከተማው ሁሉ ይዘጋል፣ የቀኑ ጫት ገብቶ ሰው ሁሉ ይቅማል፣ ሱቆቹ መዝጊያቸውን አውርደዋል፣ ማቀዝቀዣውም ጠፍቷል። ዘበኛው ማዳም ነግራው ስለነበር አስገባኝ። ውስጡ የሚያስቅ ነበር፣ አልዋሽህም፣ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ከአረንጓዴ ካልሲ የተሠራ የመኪና ቁመት ያለው የጫት እስር ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፣ የዕቃ መግዣ ጋሪዎች አንገትና ሻኛ ተሠርቶላቸው እንደ ግመል ቅፍለት ተሰልፈዋል። ከነሱ ጀርባ የማዳም ሥራ። ገመድ በገመድ ላይ፣ አንሶላ በአንሶላ ላይ፣ ልጆች እየተሹለከለኩ እንዲጫወቱበት።

ገባሁ። በረኪና ይሸታል። ንፋስ የለም፣ ግን ከወደ መሃል አንድ አንሶላ ጧ አለ፣ ሰናይት ከማስጣቷ በፊት ሁለት ጫፉን ይዛ ስታራግፈው እንደሚለው። ቆምኩ። ቀጥሎ የልብስ መቆንጠጫ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ማዳም ናት ብዬ “ማዳም?” አልኩ።

ከዚያ የልጁ ድምፅ፣ “ኩኩሉ!”

እና የሷ ድምፅ፣ “አልነጋም!”

ቀድተው ያሰሙት ይሆናል አልኩ ለራሴ፣ ፈረንጅ ይህን ያደርጋል። ጎንበስ ብዬ በአንሶላዎቹ ግርጌ አየሁ። ሁለት ትንንሽ ባዶ እግሮች አሉ። አጠገባቸው ሁለት ትልልቅ እግሮች፣ በሰማያዊ ነጠላ ጫማ። የግራው ሁለተኛ ጣት አውራ ጣቱ ላይ ወጥቷል። የእናቴ እግር እንደዚያ ነው፣ የእኔም፣ የሷም። አይቼዋለሁ። ዓይኔን አሽቼ አይቼዋለሁ።

እየገፈፍኩ ሮጥኩ፣ አንሶላው ፊቴ ላይ ይጠመጠማል፣ መጨረሻውን ስገልጠው ሬሚ ብቻውን ቆሟል፣ በባዶ እግሩ። ከራሱ በላይ አረንጓዴው ቀሚስ ተሰቅሏል።

“ማን ነበር አሁን?”

“ሰና” አለኝ፣ የማይጠየቅ ነገር የጠየቅሁት ይመስል። “አንቺ መጣሽ፣ ተደበቀች።”

“የት?”

“ከነገርኩሽማ ጨዋታው ምኑን ጨዋታ ሆነ?”

እጄን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። በሞል መሃል፣ ጢሜን አብቅዬ። “ኩኩሉ” አልኩ። ምንም። ጮክ ብዬ፣ “ኩኩሉ!” ግመሎቹ መሃል የሆነ ጎማ ሲጥ አለና ቆመ፣ በቃ። ልጁ በትዕግስት ጠብቆኝ፣ ከዚያ ፊቱን በትንንሽ እጆቹ ሸፍኖ፣ “ኩኩሉ!” አለ።

“አልነጋም!”

ከጆሮዬ አጠገብ ነበር። ሳቅ እንኳ ነበረበት፣ እሷ ሳቋን ስትይዝ የሚሰማው ዓይነት።

ለሱ መለሰች። እኔ ወንድሟ፣ በአንድ አልጋ ያደግን፣ ቆሜ እየጠራኋት፣ ለሱ መለሰች። ቀሚሱን ይዤ ጎተትኩት፣ መቆንጠጫዎቹ ተበተኑ፣ ልጁ “ተዪ! ገና ነው! ገና አልነጋም!” እያለ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ቀሚሱ ሞቃት ነበር። የሞሉ ሙቀት አይደለም፣ ብብቱ ጋ ብቻ፣ አሁን ከሰው ገላ እንደወለቀ ልብስ።

ማዳም ጩኸቱን ሰምታ ከፎቅ ወረደች። የቀዳችሁት ድምፅ አለ ወይ አልኳት በማውቃት ፈረንሳይኛ። “ምንም ድምፅ የለም፣ ጨርቅ ብቻ ነው” አለችና ልጁን ታቅፋ ቀሚሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። “ውሰደው፣ መስቀል አልነበረብኝም። ግን እሱ ምን እያለ ነው የሚያለቅሰው?” አልተረጎምኩላትም። ይህ እንኳ የእኔ ይሁን ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት የከባድ መኪና ማቆሚያው ጋ ደረስኩ። አዋሽ ድረስ የሚወስዱኝ ጋሽ በቀለ የሚባሉ ሾፌር ነበሩ፣ ሰናይትን አይተዋት አያውቁም። መኪናው ውስጥ ሆነው ሞተር ያሞቃሉ። እኔ ከተሳቢው ጀርባ ዞርኩ። ቀሚሱን ከፌስታሉ አውጥቼ በሸራው ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ፊቴን ወደ ጎማው አዞርኩ፣ ዓይኔን ሸፈንኩ፣ “ኩኩሉ” አልኩ። ጠበቅሁ። እንደገና። እንደገና። የሞተር ድምፅ ብቻ። ቀሚሱን አጣጥፌ መለስኩና ጋቢና ወጣሁ።

ጋሽ በቀለ ማርሽ አላስገቡም። ዞረው በቁጣ አዩኝ።

“ስማ አንተ ልጅ፣ አንድ ሰው ብለኸኝ ነው እሺ ያልኩት። ድንበር ላይ ልታስይዘኝ ነው?”

“ብቻዬን ነኝ እኮ ጋሼ።”

“ታዲያ ከኋላ ሆና ‘አልነጋም፣ አልነጋም’ የምትልህ ማናት? በጠራሃት ቁጥር ስትመልስልህ በመስኮቱ እየሰማሁ!”

ወርደው ተሳቢውን ዞሩ፣ ሸራውን ገለጡ፣ ጎማ ሥር አዩ። ማንም የለም። ሲመለሱ አማተቡና መኪናውን አንቀሳቀሱ። እኔ ፌስታሉን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ከከተማው እስክንወጣ ታገስኩ፣ ከዚያ ግን አልቻልኩም።

“ጋሼ” አልኳቸው፣ “እንዴት አድርጋ ነው ያለችው? እስቲ እንዳለችው ይበሉልኝ።”